ራዲዮ ማይክራፎን የሞከረበት ጠዋት

ራዲዮ የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ አፉ አይገጥምም ነበርና፣ «የዚህ ልጅ ባትሪ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉ ነበር። ባትሪው አላለቀም። ጢም አውጥቶም፣ ሥራ ይዞም፣ አባቱን ቀብሮም ራዲዮ እንደተባለ ቀረ።

የዕለት ጉርሱም ከድምፁ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከቲኬት መስኮቶቹ በላይ፣ በብረት መሰላል የሚወጣባት ጠባብ ክፍል አለች። አንድ ወንበርና አንድ ማይክራፎን ገብተውባት ሞልታለች። ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮው ያፍናል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ድምፁን ይውጠዋል። ራዲዮ እዚያ ተቀምጦ የሚነሣውንና የሚገባውን አውቶቡስ ይጠራል። እሱ ሲጠራ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የሚያዛጋው ሁሉ ብድግ ይላል። ብድግ የሚለው ግን ለአውቶቡሱ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላዋል።

ምኞቱ ተዋናይ መሆን ነው። ከሥራ ሲወጣ ወደ ሰፈሩ ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ይሮጣል፤ የአማተር ቡድኑ የሚለማመደው እዚያ ነው። አዳራሹ በነጻ የተሰጣቸው ግን ለጥበብ ፍቅር አይደለም። ስብሰባ ሲኖር መፈክር ያሰማሉ፣ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። የጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደግሞ የመናኸሪያው ኃላፊ ነው፤ ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ስለዚህ ራዲዮ ቀን የሚያዝዘው ሰውና ማታ አዳራሹን የሚከፍትለት ሰው አንድ ነው። «እኔ ፖለቲካ አልወድም፤ እሱ ግን ይወደኛል» ይላል ራዲዮ።

ሦስተኛው ጉዳይ ቤቱ ነው። አባቱ በጸሎት ቤቱ መጽሐፉን የሚያነቡ ሰው ነበሩ። ከሞቱ ወዲህ ቦታቸው ባዶ ነው። እናቱ መነጽራቸውን አሁንም በየሳምንቱ ትወለውላለች፤ የሚያደርገው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ልጁ እንዲተካ ጠይቀው፣ ራዲዮ አንድ እሁድ አነበበ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «የሚመጣው ሳምንት» ይላል።

ቲኬት ቆራጯ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ታበሽቀዋለች። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባለው። አንተ ሦስት ተክለህ በሦስቱም ተንጠልጥለህ ታድራለህ።»

«እጄ እስኪዝል ነዋ፣ እታለም።»

«አንተ እጅህ አይዝልም። የሚዝለው ጆሯችን ነው።»

በዚያ ሰሞን ራዲዮ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ለዓመታት ወንበር ሲያነሣና ሲያወርድ ከኖረ በኋላ የመጀመሪያዋን ንግግር አግኝቷል። በቴአትሩ ውስጥ ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው ከአንድ ባለሥልጣን ደጅ ሲጠብቁ ይውላሉ። ራዲዮ ዘበኛው ነው። በመጨረሻ ወጥቶ፣ «ዛሬ አይመጡም። ወደየቤታችሁ ግቡ» ይላል። ትንሽ ዝም ብሎ ይቆይና፣ «ቆማችሁ ብትውሉም የሚመጣ የለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። የተሰጠው ክፍል ይኸው ነው። ቅዳሜ ግን ከትልቁ ቴአትር ቤት ሰው መጥቶ ያያል ተብሏል።

ቴአትሩን የሚያዘጋጀው አንድ ቀጭን አስተማሪ ነው፤ መምህር ይሉታል። ልምምድ ላይ ኮቱን ወንበር ላይ ጥሎ እጁን አጣጥፎ ያዳምጣል።

«አሁንም አውቶቡስ ነው የምትጠራው» አለው።

«ዝቅ አድርጌ ልበለው?»

«ዝቅ ከፍ አይደለም ነገሩ። አንተ ስትናገር እኔ ራሴ ኮቴን አንሥቼ ቤቴ መግባት አለብኝ። እየው፣ ኮቴ የት ነው ያለው?»

«ወንበሩ ላይ።»

«እንግዲህ እስከ ዓርብ ድረስ ከዚያ ካልተነሣ፣ ክፍሏን ለመጋረጃ ጎታቹ እሰጣታለሁ።»

ራዲዮ ከዚያ በኋላ ንግግሯን ይዟት ዞረ። ፊቱን ሲታጠብ ይላታል። መንገድ ሲሻገር ይላታል። እናቱ ሳህን ስታቀርብለት፣ «ዛሬ አይመጡም» ብሏት፣ «እነማን ናቸው ደግሞ የጠራሃቸው?» ብላዋለች።

ሐሙስ ጠዋት በስታዲየሙ ትልቅ ሰልፍ ነበር። ከላይ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው ይናገራሉ ተብሎ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እንዲወጣ ታዞ ነበር። ሕዝቡ ገና በማለዳ መናኸሪያው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። የወረቀት ባንዲራ ታደለው። ወደ ስታዲየሙ የሚወስዷቸው አውቶቡሶች ግን ዘገዩ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከረረች፤ ሰዉ ባንዲራውን ግንባሩ ላይ ጥላ አደረገው። አሮጊቶቹ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ እየተጣደፈ መጣና ከታች ሆኖ፣ «አውቶቡሶቹ መንገድ ላይ ናቸው! ማይክራፎንህን ሞክርና ሰዉን በየበሩ ደልድልልኝ» ብሎ ወደ ዋናው በር ሮጠ።

ራዲዮ ቁልፉን ተጫነ። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ፣ ሁለት ይላል። እሱ ግን አፉ ላይ ያደረችው ሌላ ነበረች። ጮክ አላለም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንደ ደከመው ዘበኛ ሆኖ፣

«ዛሬ አይመጡም። ወደየቤታችሁ ግቡ» አለ።

አንድ ሽማግሌ ባንዲራቸውን በሥርዓት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አንዲት ሴት ጎረቤቷን ደግፋ አስነሣች። ከዚያ ከወዲያም ከወዲህም ሰው ብድግ ብድግ ይል ጀመር። ራዲዮ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። «ሙከራ ነው፣ ቆዩ» ለማለት ጊዜ ነበረው። አፉንም ከፍቷል። ግን በክፍሏ የተሰነጠቀ መስኮት ቁልቁል ሲያይ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚነሣው ለአውቶቡስ አልነበረም። አውቶቡስ የለማ። ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለ፤ መምህሩ እንዳስተማረው ትንሽ ቆየ፤ ቀጥሎም፣

«ቆማችሁ ብትውሉም የሚመጣ የለም» አለ።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውታፉ እንደ ተነቀለ ገንዳ ጎደለ። አውቶቡሶቹ ተከታትለው ሲገቡ የቀሩት ተሸካሚዎቹና ቲኬት ቆራጯ ነበሩ።

ጋሼ በብረቱ መሰላል እያለከለከ ወጣ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ማይክራፎኑን ስሞክር ነው ጋሼ።»

«ሰው ማይክራፎን በቁጥር ነው የሚሞክረው። ቁጥር አታውቅም?»

ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከበላዩ ያሉትን ይፈራል። ላቡን ጠርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። ነገ ኮሚቴው ይጠራሃል። ሳላስበው አፌ ላይ መጣ በል፤ ይቅርታ በል፤ አለቀ። ሥራህም አይነካ፣ ቅዳሜም ትሠራለህ። ከዚህ ሌላ ከተናገርክ ግን እኔም አላድንህም።»

መምህሩ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፈራ፣ ከዚያ ማዘጋጀት ጀመረ። «ቀላል ክፍል ናት። ስትገባ አንገትህን ደፋ። ቶሎ አትናገር። ይቅርታ ስትል ብቻ ዓይንህን ቀና አድርግ። እንባ አታምጣ፤ እንባ ይበዛባታል።»

እናቱ ወሬውን ከጎረቤት ሰምታ ጠበቀችው።

«አውቀህ ነው?» አለችው።

«መጀመሪያ አላወቅሁም እማዬ።»

«ኋላስ?»

ራዲዮ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰ። እሷም መልሱን ከእግሩ አገኘችው።

«እኔ የፖለቲካችሁን ነገር አላውቅም» አለች። «ግን ያልሆነውን ሆነ አትበል። ጸሎት ቤት ስለምታነብ ወይ ስለማታነብ አይደለም። እንዲሁ።»

ዓርብ ኮሚቴው ሦስት ሆኖ ጠበቀው። ጋሼ መሀል ነው፤ በቀኙ ብዕር የያዘ ጸሐፊ፣ በግራው አንዲት ወፈር ያለች የሰፈሩ ሴት ተቀምጠዋል። ራዲዮ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ቶሎ አልተናገረም። «ሳላስበው ነው አፌ ላይ የመጣው» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ በሚገባው ቦታ ተሰበረ። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ሐሳቤ አይሰበሰብም» ሲል፣ ይህን መምህሩ አልነገረውም፣ ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ራዲዮ ዓይኑን ቀና አደረገ፤ ሦስቱም እጁ ውስጥ ነበሩ። ያው የሐሙሱ ደስታ ከእግሩ ተነሥቶ ደረቱ ደረሰ።

እዚያ ላይ ድምፁ ቆመ።

«ምነው?» አለ ጋሼ። «ጨርስ እንጂ።»

«የመጀመሪያዋ ስህተት ናት። ሁለተኛዋን አውቄ ነው ያልኳት።»

ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። ጸሐፊው ብዕሩን መልሶ አነሣ። «ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን አልከው?»

«ሰው ሲነሣ አየሁ። ደስ አለኝ።»

«ደስ ስላለህ ነው ሰልፍ የበተንከው?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣትና በመሀረብ ያዘችው። ጸሐፊው ግራ ገባው፤ ተቃዋሚ እንዳይለው ላኪ የለው፣ ስህተት እንዳይለው አውቄ ነው ይላል። ወጥተህ ጠብቅ ተባለ። ሲመለስ ነገሩ ተቆርጦ ነበር፦ ከማይክራፎን ተነሥቶ ጭነት ክፍል ይግባ፣ ሌላ እስኪወሰን መድረክ ላይ እንዳይወጣ።

መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። ኮቱን ለብሷል። «እንዴት ነው እንዲህ ያለ ክፍል መሀሉ ላይ የሚቆረጠው?» አለው። የተናደደ ብቻ ሳይሆን ያዘነም ይመስላል። «ይዘሃቸው ነበር እኮ።»

«ስለያዝኳቸው ነው፣ መምህር።»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቴአትሩ በሚታይበት ሰዓት፣ ራዲዮ ቤት ውስጥ መቀመጫ አጣ። ጫማውን አሰረ፣ ፈታ። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። መጋረጃ ጎታቹ አሁን ምን እንደሚል፣ ከትልቁ ቴአትር ቤት የመጣው ሰው የት እንደተቀመጠ ያስባል። እናቱ ሳህን አቅርባ ጠበቀችው።

«ነገም አላነብም እማዬ» አለ ድንገት።

«እኔ ጠየቅሁህ?»

«ያን ዕለት ሳነብ አንዲት ባልቴት አለቀሱ። ደስ አለኝ። መጽሐፉን ይዤ፣ ሌላ ማን እንዳለቀሰ ዓይኔን አዞርኩ። ሐሙስም ያው ነው፣ ትናንትም ያው ነው። በአባባ ስም ሳይቀር።»

እናቱ የሳህኑን ክዳን አነሣች።

«አባትህም ያደርገው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ማን እንዳለቀሰ ያያል። ቤት ሲገባ እገሊት አለቀሰች፣ እገሌ አንገቱን ደፋ እያለ በየስማቸው ይቆጥርልኛል። ከነገረኝ በኋላ ያፍራል፤ ሁለተኛ አላነብም ይላል። እሁድ ሲመጣ ግን ከእኔ ቀድሞ ይለብሳል።»

ራዲዮ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። አባቱን እንዲህ አድርጎ አስቧቸው አያውቅም።

«አንቺ ምን ትዪው ነበር?»

«ምን እለዋለሁ?» ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ሳይቀዘቅዝ ብላ እለው ነበር።»