ሬዲዮ የሚፈራው ሾፌር

ዱዋል ጎርፍ አይፈራም፤ ጅብም አይፈራም። በጋምቤላ ጭቃ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና የነዳ ሰው ምን ይፈራል? የሚፈራው ከመሪው አጠገብ የተሰቀለችውን ሬዲዮ ነው። የሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት «የጉዞ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ብቻ» ብሎ ካዘዘ ወዲህ፣ ያቺ ጥቁር ዕቃ በጮኸች ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። እሱ ሲናገር አሥራ አራት ሾፌር ይሰማል፤ ሲሳሳት ደግሞ አሥራ አራት ሾፌር ይስቃል። ተስቆባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። በእንግሊዝኛ ሪፖርት ባለማድረጉ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶታል፤ በሦስተኛው የመኪናውን ቁልፍ አስረክቦ ይሰናበታል።

ስለዚህ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ባለው ቤቱ ጠዋት ጠዋት ይለማመዳል። ሚስቱ ኛኩዋኒ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች። በሬዲዮ የሰው ፊት አይታይምና መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ የሬዲዮ ክፍሏን ሠራተኛ ማክዳን ትሆናለች። ዱዋል በሬዲዮዋ መነጋገሪያ ፈንታ ሳሙና ጨብጦ ይቆማል።

«ዱዋል፣ ሁዌር አር ዩ?»

«አይ አም... አይ አም...»

«የት ነህ ነው ያልኩህ! ሳሙናውንስ ምን አደረገህ ብለህ ነው የምታንቀው?»

ሞተር ፈታቶ የሚገጥም ሰው፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመግጠም አራት ወር ፈጀበት። ወጥቻለሁ፣ ደርሻለሁ፣ ሁሉም ሰላም ነው። ይህን የመጨረሻውን፣ «ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኦኬ» የሚለውን፣ በጣም ወደደው። እሱን ካለ ማክዳ ሌላ ጥያቄ አትጨምርም።

የፈሩት ይደርሳል። በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአቦቦ ሲመለስ፣ የእንጨቱን ድልድይ ተሻግሮ ገና ጥቂት እንደሄደ ከኋላው የስብራት ድምፅ ሰማ። ቆሞ በመስታወት አየ። የድልድዩን መሀል ወንዙ ወስዶታል። ከኋላ ደግሞ ባልደረባው እንየው ስምንት ነርሶች ጭኖ እየመጣ ነው፤ እንየው ዝናብ ባየ ቁጥር የሚፈጥን ሾፌር ነው። ስልክ እዚያ አይሠራም። ሮጦ እንዳያስቆመው ወንዙ በመካከላቸው ነው።

በዚያው ቅጽበት ሬዲዮዋ ጮኸች። «ዱዋል፣ ሁዌር አር ዩ?»

ቀልቡ ተገፈፈ። ድልድይ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ፈረሰስ? አሥራ አራት ሰው ጆሮውን አቁሞ እየጠበቀው ነው። አፉ የለመደውን አወጣ።

«ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኦኬ።»

«ኮፒ» አለች ማክዳ፤ ሰምቻለሁ ማለቷ ነው። እንየውም ሰምቷል።

ዱዋል ምን እንዳለ የገባው ይህን ጊዜ ነው። በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ከማዶ፣ ከመታጠፊያው ጀርባ፣ የሞተር ድምፅ መጣ። ያን ጊዜ ሬዲዮዋን በሁለት እጁ ይዞ በአማርኛ ጮኸ።

«እንየው! ቁም! ድልድይ የለም! ኦኬ ያልኩት ውሸት ነው! ወንድሜ፣ ቁም!»

 ዱዋል ማየት ስላልደፈረ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቆሜያለሁ» አለ በመጨረሻ እንየው።  መኪናው ከተሰበረው እንጨት አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። በሬዲዮው ላይ የሳቀ አልነበረም።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት አይጻፍበት አለቆቹ ገና አልወሰኑም። በማግስቱ ጠዋት ኛኩዋኒ እንደ ወትሮዋ መጋረጃው ጀርባ ገብታ «ሁዌር አር ዩ?» አለች።  ዱዋል ሳሙናውን አስቀምጦ መጋረጃውን ገለጠ።

«ኛኩዋኒ» አላት፣ «‹ፈርቻለሁ› እንዴት ነው የሚባለው? መጀመሪያ እሱን አስተምሪኝ።»