ከላይ ያስጀመርኩት ቦይ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም። እሳቸው ፊት ቀርቤ ጾም መግደፌን፣ ሰው መሳደቤን፣ አንድ ሰሞን መጠጥ ማብዛቴን ተናግሬአለሁ፤ እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። የታዘዝኩትን ሰግጄ፣ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ቀለል ብሎኝ! እግዚአብሔርን ለማታለል መሞከሬን እያወቅኩ ምሳዬን ቀርቤ እበላለሁ። ስለዚህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ስጨርስ ያሻችሁን በሉኝ።

ወሬ አሳምሬ እንዳላመልጥ ያደረግኩትን አስቀድሜ ልናገር። ከታች መጀመር የነበረበትን የጎርፍ ቦይ ከላይ አስጀመርኩ። በዚህ ምክንያት የአንድ ሸማኔ ቤት ፈረሰ። ከዚያም ጥፋቱ የሸማኔው የራሳቸው ነው ብዬ በፊርማዬ አረጋገጥኩ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሙያዬ ምሕንድስና ነው። በዚያን ጊዜ ጉለሌ ውስጥ የመንገድና የጎርፍ ማስወገጃ ሥራ በሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። የጎርፍ ቦይ ከታች ወደ ላይ እንደሚሠራ አውቃለሁ። መጀመሪያ ወንዙ ዘንድ አፉ ይከፈታል፤ ከዚያ እየተቆፈረ ወደ ዳገቱ ይወጣል። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢያልቅ እንኳ ከላይ ያለው ሰው እንደ ድሮው ይቆያል እንጂ አዲስ ጉዳት አይደርስበትም። ከላይ ጀምራችሁ ገንዘብ ካለቀባችሁ ግን የሰፈሩን ውኃ ሁሉ ሰብስባችሁ ቦዩ የቆመበት ሰው ቤት ላይ ትለቁታላችሁ። ግማሽ ቦይ ጭራሽ ቦይ ካለመኖር ይብሳል። ረስቼው ነበር ብዬ ልዋሽ? አልረሳሁትም።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። በጀት የሚጸድቀው ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ ጥናት፣ ጨረታ፣ ቅሬታ፣ እንደገና ጨረታ እየተባለ ዓመቱ ይጋመሳል፤ ተቋራጩ አካፋውን ይዞ ብቅ የሚለው ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ገንዘብ የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነስበታል። እናም ክረምትን ለመከላከል የተመደበ ገንዘብ ክረምቱ ደጅ ላይ ሲቆም መጣደፍ ይጀምራል። ቢሮ ውስጥ «በጀቱ እንዳይመለስ!» ሲባል በየቀኑ እሰማ ነበር። «ጎርፉ ሰው እንዳይወስድ» ሲባል ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። እኔስ ብዬ አውቃለሁ? አላውቅም።

በዚያ ዓመት ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ላለ ሰፈር የተሰጠን ገንዘብ ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ ለታሰበው ቦይ ግማሽ ብቻ የሚበቃ ነበር። ኃላፊያችን ቢሮው ጠርቶ፣ «ግማሹን ነው የምንችለው፤ ከየት ብንጀምር ይሻላል?» አለኝ። አለቃዬ አስገደደኝ ብል እንዴት ደስ ባለኝ! አላስገደደኝም። ጠየቀኝ። የእሱ ሙያ ሒሳብ ነው፤ ቦይ ከየት እንደሚጀመር የሚያውቀው እኔ ነበርኩ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ከአስፋልቱ እንጀምር» አልኩ።

ለምን? ሰኔ መጨረሻ ላይ ከበላይ የሚመጡ ጎብኚዎች ነበሩ። ጎብኚ ከመኪና የሚወርደው አስፋልቱ ላይ ነው። ትንሽ ቁልቁል ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ጫማውን ጭቃ እያስነካ ወንዝ የሚወርድ የለም። እኛ ቢሮ ደግሞ የቡድን መሪነት ቦታ ተለቅቆ ነበር። ቦታውን ፈልጌው ነበር፤ በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ቦዩ ቁልቁል ወርዶ ገንዘቡ ያለቀው የጋሽ ዳና አጥር ዘንድ ነው። ጋሽ ዳና በልጅነታቸው ከጋሞ መጥተው እዚያው ሰፈር ያረጁ ሸማኔ ናቸው። ቤታቸው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፤ የአንደኛው ክፍል ወለል ላይ ጉድጓድ አለ። ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከትተው ልጆች አሳድገው ድረዋል። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ክሩን እያጠነጠኑ ያቀብሏቸዋል፤ የሠሩትን ነጠላና ጋቢ ሽሮ ሜዳ ያሉ ነጋዴዎች እቤታቸው ድረስ መጥተው ይወስዱላቸዋል። ሌላ ገቢ የላቸውም።

ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ጋሽ ዳና ወጥተው የቦዩን መጨረሻ ቆመው አዩ።

«ልጄ፣ ውኃው ከዚህ በኋላ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ቀሪው በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል ጋሽ ዳና። በጀት ተይዞለታል» አልኳቸው።

«ክረምቱሳ?»

«አያስቡ፤ እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

የተያዘ በጀት አልነበረም። አፌን ሞልቼ ነው የዋሸሁት። እሳቸውም አመኑኝ፤ ግን ውኃውን ስላላመኑት ከጎረቤት ጋር ሆነው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አፈር እየሞሉ ቦዩ አፍ ላይ ደረደሩ። ጎርፉ ሲመጣ ወደ ጎን፣ ከቤታቸው አጠገብ ወዳለው ባዶ ሜዳ እንዲታጠፍላቸው ነው። ጎርፉን የሚያጥፍ ይሁን አይሁን እኔ እዚያው ቆሜ ማየት እችል ነበር፤ ያጥፈው ነበር።

የጉብኝቱ ዋዜማ ለቁጥጥር ስሄድ ከረጢቶቹን አየኋቸው። ቦዩ የትም እንደማይደርስ ከሩቅ ያሳብቃሉ። ተናደድኩ! በእሳቸው ተናደድኩ፤ ሥራዬን ያበላሹብኝ መስሎኝ። በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸውና ለቀን ሠራተኞቹ አሳይቼ «እነዚህን አንሡ» አልኩ። ጋሽ ዳና ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ እኔው ባነሣቸውስ? መልሼ እደረድራቸዋለሁ።»

«አይልፉ፤ ሲሄዱ እኛው እንመልስልዎታለን።»

ከረጢቶቹ ከቁፋሮው ትራፊ ጋር መኪና ላይ ተጭነው ሄዱ። ጎብኚዎቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። የእኛ ሪፖርት በጀቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ አለ። ጋሽ ዳና እንመልሳለን ስላልኳቸው ጠበቁኝ። እኔ የት ነበርኩ? እንኳን ደስ ያለህ እየተባልኩ ነበር።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የቢሮው ቆርቆሮ በበረዶ ሲደበደብ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ወዲያው ገባኝ። ታዲያ ተነሥቼ ሮጥኩ? አልሮጥኩም። ጃንጥላ የለኝም ብዬ እስኪያባራ ጠበቅኩ። ይህን ስጽፍ እጄን መስበር ያምረኛል።

ስደርስ ጎረቤቶች እትዬ አስቴርን በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ መኪና እየወጡ ነበር፤ ግድግዳው ዳሌያቸው ላይ ወድቆባቸዋል። የቤቱ ግማሽ የለም። የሽመናው ጉድጓድ በድፍርስ ውኃ ሞልቶ፣ ለሠርግ የታዘዘ ያላለቀ ቀሚስ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ጋሽ ዳና ሲያዩኝ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ክንዴን ይዘው፣ «መጣህልኝ ልጄ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥፋቴ ስንፍና ነው፣ ፍርሃት ነው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ አልጨረስኩም።

ጋሽ ዳና ምትክ ቤት እንዲያገኙ የአደጋው መንስኤ ምን እንደሆነ ባለሙያ አይቶ መመስከር ነበረበት። ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ቦዩ በስሕተት ተሠርቶ ነው ብዬ ብጽፍ ጋሽ ዳና እዚያው ሰፈር ቤት ያገኛሉ፤ እኔ እጠየቃለሁ። የጻፍኩት ግን ነዋሪው የቦዩን አፍ በአፈርና በቆሻሻ ስለደፈኑት ውኃው ተመልሶ ቤታቸውን አፈረሰ ብዬ ነው። በስልኬ ያነሣሁትን የከረጢቶቹን ፎቶ ማስረጃ ብዬ አያያዝኩት። እኔው ያስነሣኋቸውን ከረጢቶች! ዝናቡ ሲመጣ እዚያ ያልነበሩትን! ፈረምኩበት። ጋሽ ዳና ጥፋተኛ ተባሉ፣ ምትክ ቤት ተከለከሉ፣ ቦታውም ለመኖሪያ አይሆንም ተብሎ ቀሪው ቤት ተነሣ። የጻፈው ማን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ ፍርስራሹን ስለካ አይተውኝ የምሟገትላቸው መስሏቸው ነበር። እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ።

በዓመቱ ደግሞ፣ ስዋሽ የጠራሁት በጀት የእውነት መጣ። ቦዩ የጋሽ ዳና ቤት በነበረበት ባዶ መሬት ላይ አልፎ ወንዙ ገባ። «ቦታው ነፃ በመሆኑ ሥራው ተፋጥኗል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይወስደዋል። ለዓመታት ጥሩ አድርጎ ወሰደኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጳውሎስ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ጉዳይ ነበረኝ። በሩ ላይ የጥበቃ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ልብሱ ሰፍቷቸዋል። ጋሽ ዳና ናቸው።

«ኢንጂነር! አንተ ነህ?» ብለው አቀፉኝ። ሸጎሌ በኩል አንድ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ፣ እትዬ አስቴር በከዘራ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ሽመናውን ስጠይቃቸው ሳቁ። «የሰው ቤት ወለል ማን ያስቆፍራል ልጄ? አከራይዋ ገና ጉድጓድ ስላት ‘ቤቴን ልታፈርሱ ነው’ አለች። ተውኩት በቃ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተማ ስንት ለፍተህልኝ ነበር። እነሱ ናቸው እምቢ ያሉት። አስቴር እስካሁን ትመርቅሃለች» አሉኝ።

ትመርቅሃለች! ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ምርቃቱን እንዴት አድርጌ ልሸከመው?

በማግሥቱ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። የድሮ ወንበሬ ላይ አዲስ የቡድን መሪ አለ፤ ጎልማሳ፣ ፈገግተኛ። የጻፍኩት ሐሰት ነው፣ አስተካክሉት አልኩት። «አንተው ፈርመህ አንተው ልታፈርሰው? ፋይሉ እኮ ተዘግቷል ወንድሜ» አለኝ። ጠረጴዛውን መታሁና ጮኽኩ። ሰው ተሰበሰበ። እሱም፣ «ባለጉዳዩ ራሳቸው አቤት ካሉና አንተ ከመሰከርክ ይታያል፤ አለዚያ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። በመናደዴ ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ቁጣዬ ደግ ሰው ያደረገኝ መስሎኝ። የሰውየው ጥፋት ምን ነበር? እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ተቀምጦ እኔ የምለውን አለ።

እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋሽ ዳና ሄደው አቤት እንዲሉ፣ አቤት የሚሉበትን ነገር ማወቅ አለባቸው። ሙሉውን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ትናንት ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ፤ «ቤትዎን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» ከሚለው ነበር የሚጀምረው። ጋሽ ዳና በሩ ላይ አሉ። ከኋላቸው ወጣት አለቃቸው ቆሟል።

«እጅህን ከፍ አድርግልኝ ልጄ፤ የምናውቀውንም ሰው እንድንፈትሽ ታዘናል» አሉኝ ተሸማቀው።

እጄን አነሣሁ። ድር ሲቀጥሉ የኖሩ ጣቶቻቸው ጎኔን፣ ኪሴን፣ ቀበቶዬን ዳሰሱ። ምንም አላገኙም።

«ይቅር በለኝ፣ እንዲህ ሳንገላታህ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። የተዘጋጀሁበት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። «ምንም አይደል ጋሽ ዳና» አልኳቸውና ምንም ጉዳይ ወደሌለኝ ሕንፃ ገባሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የወደቀው የእናንተ ግድግዳ አይደለምና ይቅርታው ከእናንተ ዘንድ የለም። ፈራሁ ብዬም አላመካኝም፤ ምን እንዳደረግኩ ብቻ እወቁልኝ። ትናንት እዚያ በር ላይ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ።