የሐሙስ ሱሪ

ትሕትና ከመስኮቷ ፊት የቆሙትን ሽማግሌ አታውቃቸውም፤ ሱሪያቸውን ግን ታውቀዋለች። ግራጫ ነው፤ ግራ ጉልበቱ ላይ ሰማያዊ መጣፊያ አለው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀጭን ጎልማሳ ይህንኑ ሱሪ ለብሶ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ እዚሁ ቢሮ፣ ወረፋ ሲጠብቅ አይታዋለች። ለሽማግሌው በጣም ረዝሞባቸው ከታች ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል፤ ወገቡ በገመድ ታስሯል። ገመዱን ስላላመኑት አንድ እጃቸው ከጋቢው ሥር ሱሪውን እንደያዘ ነው።

በሩ ላይ «ቁምጣ ለብሶ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከመሬት ድልድሉ ወዲህ ባለጉዳይ ሲበዛ ኃላፊው አዘዙ፣ እሷ በታይፕ ጻፈችው፤ አባቷን ከቁምጣ በቀር በሌላ ልብስ አይታ የማታውቀው የቡሬ ገበሬ ልጅ።

«አባባ፣ ፋይልዎ አልተገኘም። ሐሙስ ይመለሱ» አለቻቸው።

«ሐሙስስ አይሆንልኝም፣ ልጄ። ሐሙስ የጎረቤቴ የወንዳወቅ ቀጠሮ ነው።»

«ታዲያ የእሱ ቀጠሮ እርስዎን ምን ያግድዎታል?»

ሽማግሌው ዞር ብለው ከኋላቸው የቆሙትን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኸ ሱሪ የመንደሩ ነው። አዋጥተን ገዛነው፤ ቢሮ የሚመጣ ሰው በተራው ይለብሰዋል።» የተጸየፈቻቸው መስሏቸው ቶሎ ጨመሩበት፤ «ታጥቦ ነው ታዲያ የምንቀባበለው።»

ትሕትና ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጉልበቷ በላይ የቀረውን ጉርድ ቀሚሷን በሁለት እጇ ወደ ታች ትስብ ጀመር።