ከቀትር በፊት የተመረጠ ጥንድ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ስንት ገጽ ይሞላል? በኩማሲ ከተማ መልሱ የታወቀ ነው፤ አራት ገጽ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይታተማል። ሽፋኑ ላይ ሟቹ በሕይወቱ ለብሶት የማያውቀውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ይታያል። ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ አንዳንድ ቅጂ ይዞ ይቀመጥና ከቤተሰቡ አንዱ ተነሥቶ ያነበዋል፤ የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ስንት ወለደ፣ ምን ያህል ደግ ነበር። ዝናብ ከመጣ ወረቀቱ ራስ ላይ ይደረጋል።

ለኒያርኮም አራት ገጽ ታትሞለታል። ከዳር እስከ ዳር ቢያነቡት አንዲት ጥፋት አይገኝበትም። ነገሩም እዚያው ላይ ነው።

ኒያርኮ አምሳ ዓመት የሠራው አንድ ሥራ ነው። የኩማሲ አሮጌ መኪና ሁሉ ተፈትቶ በሚሸጥበት በሱዋሜ ሰፈር ተቀምጦ፣ የመኪናን መንገጫገጭ የሚያበርደውን ያገለገለ ሾክ አብዞርበር ይመርጥ ነበር። እዚያ አዲስ ሾክ የሚገዛ ሰው እንደ የዋህ ይታያል፤ አዲሱ ርካሽ ነው፣ ሦስት ወር አይቆይም። ሾፌር የሚፈልገው በባሕር ማዶ መኪና ላይ አገልግሎ ከነጭቃው በኮንቴይነር የመጣውን ነው። ግን ከዚያ ክምር ውስጥ የትኛው ዕድሜ እንደቀረው በዓይን አይለይም። ሻጮቹ የሞተውን በስተው የሞተር ዘይት ይሞሉታል፣ ይበይዱታል፣ ጥቁር ቀለም ይቀቡታል። ስለዚህ እጅ ያስፈልጋል።

የኒያርኮ እጅ ሲሠራ ላየው ቀላል ይመስላል። የሾኩን ታች መሬት ላይ ይተክላል፤ ዘንጉን በመዳፉ እስከ መጨረሻው ይጫነዋል፤ ከዚያ ይለቀዋል። ጥሩ ሾክ ሽማግሌ ከወንበሩ እንደሚነሣው ነው የሚነሣው፤ አይቸኩልም፣ መሃል ላይ አያቋርጥም። ተወርውሮ የሚወጣው አልቆለታል፤ ተኝቶ የሚቀረውም አልቆለታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ግን የሚያውቀው መዳፍ ብቻ ነበር፤ ከአውራ ጣቱ ሥር እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የደነደነው መዳፉ።

አንድ ሕግ ነበረው። ጠዋት ሾክ አይመርጥም። ቆርቆሮ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ያስመታቸውና ቀትር ሲሆን፣ ውስጣቸው ያለው ዘይት ሲቀጥን፣ ያኔ ይጫናቸዋል። በብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር የተበላውም ሾክ ደህና መስሎ እጅ ይገፋል። የቸኮለ ሾፌር ሲነጫነጭበት፣

«ጠዋት ጠዋትማ እኔም ጎረምሳ ነኝ፤ ቀትር ላይ ተመለስ» ይለዋል።

አንድ ጥር ላይ ከበረሃው የሚመጣው አቧራማ ነፋስ ሰማዩን አመድ አልብሶት ጠዋቱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን ባዱ መጣ። ባዱ በአሮጌ ኮሮላ ሰው ጭኖ ወደ ሰሜን የሚመላለስ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሾፌር ነው። እናቱ ሰርዋ በመናኸሪያው በር ላይ ከቦካ የበቆሎ ሊጥ የምትሠራውን ኬንኬዋን በቅጠል ጠቅልላ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ትሸጣለች፤ ኒያርኮ ሃያ ዓመት ምሳውን የበላው ከእሷ እጅ ነው። የባዱ መኪና የኋላ ሾኮቹ አልቀው እንደ ጀልባ ይወዛወዝ ነበር። ተራው ደግሞ ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ አንድ ሆኗል።

ኒያርኮ ቀትር ላይ እንዲመለስ ነገረው።

«አጎቴ፣ ቀትር ላይማ ተራዬን ሌላው በልቶታል» አለ ባዱ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎረቤት ሻጮች እንዲሰሙ፣ «ደግሞ ፀሐይ የሚያስፈልገው ለነዚህ ነው። የእርስዎ እጅ ከፀሐይ ይበልጣል።»

ሻጮቹ ሳቁ። ኒያርኮም ሳቀ፤ ልቡንም ደስ አለው። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ሲያመሰግነው የማይለሰልስ ጥቂት ነው።

ከክምሩ ጥንድ አወጣ። አንደኛው እንደሚገባው ተነሣ። ሁለተኛውን ተጫነ፤ ደህና ነው። ደገመው፤ ደህና ነው። በሦስተኛው፣ ዘንጉ ግማሽ መንገድ ሲደርስ፣ የፀጉር ያህል የላላ ነገር መዳፉ ላይ አለፈ። ሰው ሲያወራ ቃል ጠፍቶት ወዲያው እንደሚያገኘው ያለ ነገር ነው። ብርዱ እጄን አደንዝዞት ነው ብሎ አሰበ። አራተኛ ተጫነው፤ ምንም የለም። «ውሰድ» አለው።

አንድ ሰው አንድን ነገር ዐወቀ የምንለው መቼ ነው? ሲሰማው ነው ወይስ የተሰማውን ሲቀበል? ኒያርኮ ከዚያ ቀን በኋላ በሕይወት በቆየባቸው ዓመታት ይህን ራሱን ሳይጠይቅ ያደረበት ቀን የለም።

የዚያኑ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ነፋሱ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ባዱ አምስት ሰው ጭኖ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረ ቁልቁለት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ የመኪናው ኋላ ይዘል ጀመር፤ ጎማው መሬት ለቀቀ። ከዛፍ ጋር ተላተመ። ባዱ፣ አንዲት አስተማሪና አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሞቱ። የፖሊስ ወረቀት ላይ የተጻፈው ምክንያት አንድ ቃል ነው፤ ፍጥነት። በሳምንቱ የአስተማሪዋ ወንድሞች መናኸሪያው ድረስ መጥተው ሰርዋን ሰው ሁሉ እያየ አስፋልት ላይ አንበረከኳት፤ ስለ ልጇ ጥፋት ይቅርታ ጠየቀች። ኒያርኮ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ነበር። ገና እርግጠኛ አይደለሁም ብሎ ዝም አለ።

የተጨፈለቀው ኮሮላ ተጎትቶ ሱዋሜ ገባ፤ ሌላ የት ይሄዳል? ተፈታ፤ ሞተሩ ወደ አንዱ ሱቅ፣ በሮቹ ወደ ሌላው ሄዱ። የኋላ ሾኮቹም ታጥበው ለሽያጭ ተደረደሩ። ኒያርኮ ሲያያቸው ዐወቃቸው። ወስዶ ቆርቆሮው ላይ ዘረጋቸውና ቀትርን ጠበቀ። አንደኛው ተነሣ። ሁለተኛው ወረደ፣ ወርዶም ቀረ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው፣ ዘይት አልፈሰሰውም፤ ግጭቱ አልነካውም።

በማግስቱ የሻጮቹ ማኅበር ሲሰበሰብ ሾኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ተነሥተን አብረን ወደ አስተማሪዋ ቤተሰብም ወደ መናኸሪያውም እንሂድ፤ ልጁ አልፈጠነም፣ የእኔ እጅ ነው እንበላቸው አለ። እናቲቱ የተንበረከከችው በእኔ ፋንታ ነው አለ።

ከኋላ አንዱ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሾክ እያሸተትን እንምረጥ» ብሎ አፍንጫውን ነፋ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሊቀ መንበሩ አዶማኮ ግን አልሳቀም። ሥራውን ያስተማረው ኒያርኮ ነው።

«አጎቴ፣ መኪና ከዛፍ ተላትሞ ምኑ ደህና ይቀራል?» አለ።

«ዘንጉን እየው፤ ቀጥ ያለ ነው።»

አዶማኮ ዘንጉን አላየም። «እሺ፣ እውነትዎን ነው እንበል። የእርስዎ እጅ ተሳሳተ ካልን እዚህ ግቢ የማን እጅ ሊታመን ነው? አርባ ሱቅ እንጀራው በእርስዎ እጅ ነው። ሟቹ ሞቷል። እኛ ነገ በር እንከፍታለን።» ይህን ብሎ ሾኩን አነሣና ጠረጴዛው ሥር አደረገው።

ኒያርኮ ያን ቀን አንድ ነገር ገባው። ያ እጅ የተንጠለጠለው ከእሱ ትከሻ ላይ ቢሆንም የእሱ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ሊወቅሰው እንኳ ፈቃድ የለውም።

ወደ ሰርዋ ሄደ። ምሳ ሰዓት ነው፤ እሷ ኬንኬ እየፈታች፣ እሱ እየተናገረ፣ ሁሉንም ነገራት። የላላውን ነገር፣ ሦስተኛውን ጊዜ፣ ብርዱን። ሰርዋ ቀና ሳትል ሰማችው።

«አሁን ምን ላድርግልህ ነው የምትለኝ?» አለችው። «ተንበርክኬ ተነሥቻለሁ። የልጄ ጥፋት ነው ብዬ ይኸው ለምጄዋለሁ። አሁን ደግሞ አንተን ልጥላህ? ለመጥላት አቅም የለኝም ኒያርኮ።» ኬንኬውን ቅጠሉ ላይ አኑራ፣ «ዓሣ ልጨምርልህ?» አለች።

ጨመረችለት። በላ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። ለሚመጣው ሾፌር ሁሉ፣ እጄ ሰው ገድሏል፣ ወደ ሌላ ሂድ ይለው ነበር። ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው፤ ይበልጥ አመኑት፤ ተሰልፈው ጠበቁት። እሱም በቀትር ፀሐይ ቆሞ እየተጫነ ኖረ።

ሲደክም ወራሹን፣ የእህቱን ልጅ ኦዱሮን፣ አልጋው አጠገብ አስጠራው። ለቀብሩ የሚታተመው ወረቀት ላይ አንዲት መስመር እንዲያገባለት ለመነው፤ ሦስት ጊዜ አስጻፈው፣ ሦስት ጊዜ አስነበበው። የማሳተሚያውን ወጪ የሸፈነው የአዶማኮ ማኅበር ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ የወጣው ግን፣ «እጁ በአምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም» የሚል ነው። ኦዱሮ ቀብሩ ላይ ድምፁ ሳይሰበር አነበበው። ማንበብ የማትችለው ሰርዋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ወረቀቷን ለሁለት አጥፋ ፊቷን ታራግብ ነበር።

ኒያርኮ የለመነው፣ ሰርዋ ባለችበት ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት፣ ይህን ብቻ ነበር፦ «ባዱ አልፈጠነም። ያን ጠዋት ቀትርን ሳልጠብቅ የመረጥኩት እኔ ነኝ።»