የዊላቢን ዝናብ በማርማላታ ብልቃጥ

ዊላቢን የምትባለውን ትንሽ የገጠር ከተማ ባቡሩም ትምህርት ቤቱም ጥለዋት ሄደዋል። የቀሯት አስራ ዘጠኝ ሰው፣ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ የስንዴ ጎተራ ናቸው። ከአስራ ዘጠኙ አንዷ ኔሪዳ ናት። ኔሪዳ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጓሮዋ ያለውን የዝናብ መለኪያ አይታ መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። ባሏን የቀበረች ዕለት እንኳ ጽፋ ነው ቀብር የሄደችው። አንድ ቀን አልዘለለችም፣ አንድ ቀን አልዋሸችም። ገበሬው ሁሉ «እኔ ማሳ ላይ ሃያ ሚሊ ሜትር ጣለ!» እያለ ሲጎርር አፉን የምታስይዘው እሷ ናት።

ታዲያ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ስትገባ ያሳሰባት ዳሌዋ መሰላችሁ? መዝገቡ ነው እንጂ! ጎረቤቷን ቤቨንን አደራ አለችው።

«ያየኸውን ብቻ ጻፍ። ከራስህ ብትጨምር ወዮልህ!»

እንግዲህ ጉድ በሉ። ሁለት ዓመት ጠብ ያላለው ሰማይ እሷ በሌለችበት ተቀደደ፤ ሲያወርደው አደረ። ቤቨን በማግስቱ በጭቃው እየተንቦጫረቀ ሄዶ ቢያይ መለኪያው ባዶ ነው። ራሱን አከከና ዜሮ ብሎ ጻፈ።

ኔሪዳ በምርኩዝ ስትመለስ ገና አልተቀመጠችም፣ መዝገቡን ገለጠች። ከዚያ መዝገቡን ይዛ ቤቨንን ፍለጋ መጠጥ ቤት ገባች።

«አንተ ሰውዬ! እስከ ቁርጭምጭሚትህ ጭቃ ውስጥ ቆመህ ዜሮ ትጽፋለህ?»

«ያየኸውን ጻፍ አላልሽኝም?»

በግምት ብትሞላው ማን ያውቅባታል? ግን ያልተለካ አትጽፍም። ዜሮውን ብትተወው ውሸት፣ ብትሰርዘው ባዶ። የአርባ አንድ ዓመት ልፋቷ እንዲህ ተበላሸባት። ሰው ፊት አለቀሰች፤ ኔሪዳ ስታለቅስ ያየ ደግሞ አልነበረም።

ይሄኔ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ክላሪ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ከማቀዝቀዣው ከቢራው ኋላ አንድ የማርማላታ ብልቃጥ አወጣ። ክዳኑ በፕላስተር ታሽጓል።

«ቤቨን ይረሳል ብዬ ቀድሜው ሄጄ ከመለኪያሽ ገለበጥኩት። ጠብታ አልፈሰሰም፣ እውነቴን ነው የምልሽ።»

«ለምንህ ወሰድከው፣ አንተ ደንቆሮ?»

«ሁለት ዓመት ዜሮ ስትጽፊ ኖርሽ። የመጣ ለታ አንቺ የለሽም። ሳታይው ይደፋ እንዴ?»

ኔሪዳ የመለኪያ ብርጭቆዋን አስመጥታ ውሃውን ቀስ ብላ ገለበጠችው። አስራ አራት ሚሊ ሜትር። ዜሮውን ሰርዛ ጻፈችና ፈረመች።

የልኬቱ ሕግ ውሃው ከተለካ በኋላ ይደፋ ነው የሚለው። አርባ አንድ ዓመት በሕጉ ኖራለች። ብርጭቆውን አነሳችና ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ማንም «አቅምሺን» ብሎ አልጠየቃትም።