ሰኞ ሰኞ የምትሞተው ሞተር

በገዛ ቤቴ ተበደልኩ። አማቴና ጎረቤቴ ተማክረው፣ ሳይነግሩኝ ሞተር ሳይክሌን ነካኩብኝ፤ እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ የሸጠልኝን ሰው ስራገም ከረምኩ። ሰውዬው ለዚህ አይረገምም ነበር። የሚረገምበት ሌላ አያጣም፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።

በረዶው እንደቀለጠ ሞተሯን ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ካለው ሕንፃችን ቤዝመንት፣ ከምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ፣ አወጣኋት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ስታመላልሰኝ ደህና ናት። ቅዳሜና እሁድ ታርፋለች። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ፣ ጭጭ። በአውቶቡስ ሄጄ የምሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ አርፍጄ እገባለሁ፤ ማታ ባትሪውን ፈትቼ በፌስታል ይዤ በሊፍት እወጣና ኩሽና ውስጥ ቻርጅ አደርገዋለሁ።

«ዛሬም ታመመች?» ይላሉ አማቴ።

«ታመመች፣ እማማ።»

«አውቶቡስ ምን አለው? ይሄ ሰውዬ እኮ አይሰማም!»

አሥር ዓመት አብረን ስንኖር «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። ሲከፋቸው «ይሄ ሰውዬ» ነኝ፤ ደስ ሲላቸው «አንተ ሰውዬ»።

አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አዲሱም ሰኞ ሞተ። ሚስቴ ቆረጠች፦ «እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልዳነች ትሸጣለች። በሷ ምክንያት ከሥራ ብትባረር ማን ያበላናል?»

እውነቷን ነው። ግን ሞተሯን መሸጥ አልፈልግም። የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው እያነበበልኝ ምኑን ከምን እንደፈረምኩ አላውቅም። የሞተር መንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና ግን ማንም አላነበበልኝም። በራሴ ዓይን አንብቤ አለፍኩ።

ፎቃችን ላይ የሚኖረው ያ ጎረቤቴ ኤሌክትሪሻን ነው፣ የአማቴ የማኅበር ልጅ። ወስጄ አሳየሁት። ጎንበስ እንኳ ሳይል «ባትሪው ነው» አለኝ።

«አዲስ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ሞተሯ ናት። ሽጣት።»

ዓይኑ ሲሸሽ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

በሰው ተስፋ ስቆርጥ የሞተሯን መጽሐፍ ዘረጋሁ። በጣቴ እየተከተልኩ አንዷን ገጽ ሁለት ቀን አነበብኳት። እንዳለኝም አደረግኩ፤ ቁልፉን ዘግቼ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትቼ የኤሌክትሪክ መለኪያ በገመዱና በባትሪው መሐል አስገባሁ። መለኪያው ቁጥር አሳየ። ተኝታም ትበላለች ማለት ነው! ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሁሉም ተነቅለው ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው የሚበላው በፊውዝ የማያልፍ፣ ከባትሪው በቀጥታ የሚጠባ ነው።

በስልኬ መብራት ስፈልግ ከባትሪው ራስ ላይ አንድ ቀጭን ቀይ ሽቦ አገኘሁ። ፋብሪካ የሠራው አይመስልም። ስከተለው በታንኩ ሥር አልፎ ከፊት መብራቱ ጀርባ ገባ። እዚያ በጥቁር ቴፕ የታሰረ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ከፈትኩት። ትንሽ ቀይ መብራት በርቷል፤ ከመብራቱ ፊት የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። በጎረቤቴ እጅ ጽሑፍ፣ በአማቴ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ልጄን ከነሞተሩ ጠብቅልኝ።»

ሦስቴ አነበብኩት። ድሮ ቢሆን ወስጄ ያንኑ ጎረቤቴን «ምን ይላል?» እለው ነበር፤ እሱም ይዋሸኝ ነበር።

ሁለቱንም ሳሎን ውስጥ አፋጠጥኳቸው።

«እማማ፣ ሞተሬን ገደሏት!»

«እኔ? መብራት ነው ያበራሁላት!»

«ቀን ከሌት እየበራ ባትሪውን ጨረሰዋ!»

«ታዲያ ለመልአክ የበራ ይጠፋል እንዴ?»

ጎረቤቴ ጭንቅላቱን አከከ። «ትንሽ መብራት ምን ትበላለች ብዬ ነው። በኋላ ሲገባኝ ደግሞ እማማ አስምለውኛል። ለሽቦው ኮርቻው ሥር ይቀርብ ነበር፤ ‹በመልአክ ላይ ይቀመጣል ወይ?› ብለው ተቆጡኝ።» ሚስቴ ሳቋ አላስቆም ብሏት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሽቦውን በቁልፉ በኩል ማሳለፍ። ሞተሯ ስትነሳ መብራቱ ይበራል፣ ስትቆም ይጠፋል።

«ስትቆምስ ማን ይጠብቃታል?» አሉ አማቴ።

«የቆመች ሞተር የት ትወድቃለች? ቅዳሜና እሁድ እሱም ይረፍ፣ ሠራተኛ ነው።»

«እንዲህ አይባልም!» አሉ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ግን ይስቁ ነበር።

ዓርብ ማታ ጎረቤቴ በገዛ እጁ ሽቦውን አዛወረ፤ እኔ መጽሐፉን ይዤ ከላዩ ቆሜ እያነበብኩለት። ሞተሯ ሁለት ቀን አረፈች። ሰኞ ንጋት ላይ አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤዝመንት ድረስ ተከተሉኝ። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። በአንዴ ተነሳች። ከፊት መብራቱ ጀርባ፣ ጥቁር ቴፑ ከተነሳለት ሳጥን፣ ቀይዋ ብርሃን ቦግ አለች። አማቴ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ቤዝመንቱ ሁሉ አስተጋባ። መኪናውን ሊያስነሳ የነበረ አንድ ፈረንጅ ደንግጦ ወረደ።

«በል ሂድ፣ አንተ ሰውዬ፣ እንዳታረፍድ» አሉኝ።

«ልጄ» አላሉኝም። ተጽፎ አንብቤዋለሁ፤ ይበቃኛል። ሞተሯም አልተሸጠች።

ነገሩ ያለቀው ሰኞ፣ በገብርኤል ዕለት፣ ሰኔ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።