ጭቃው እስኪደርቅ

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ያን ጊዜ የማውቀው በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የሰማሁትን ብቻ ነበር፤ እሱንም እያንቀላፋሁ። ስለዚህ ጉና ተራራ ሥር ያለው ቤታችን ሲነቃነቅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ እኔም እንደ እናቴ ላሚቱን ነው የጠረጠርኩት።

ላማችን ግድግዳ ላይ መታከክ ትወድ ነበር። ጀርባዋን ሲበላት ከውጭ በኩል ትመጣና ቤቱን ተደግፋ ትታሻለች። ከጣራው ጥላሸት ይራገፋል፣ ምርጊቱ ይፈረፈራል፣ እናቴም ከውስጥ ሆና "አንቺ የጅብ ራት! አፈረስሽው እኮ!" እያለች ትጮሃለች። በሳምንት ሁለት ሦስቴ የምንሰማው ነገር ነው።

የሴሚስተር ዕረፍት ነበር። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይተን የምንማር የገጠር ልጆች ስንቅ ፍለጋ በየጊዜው አገር ቤት እንመላለሳለን። እኔ ግን ያን ሰሞን የመጣሁት ለስንቅ አልነበረም። አብራኝ ከምትኖረው ጓደኛዬ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ሐሙስ በከሰዓቱ መኪና ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ፣ አክስቷ ደግሞ ዐረብ አገር ትልከናለች። ትምህርት ሰልችቶኝ ነበር። ብርዱ፣ ሽሮው፣ በአንድ ፍራሽ ለሦስት መተኛቱ፣ ሁሉም ሰልችቶኝ ነበር። እናቴን ልነግራት እንጂ ላስፈቅዳት አልመጣሁም። ቅዳሜ ደረስኩ፣ አልነገርኳትም። እሑድም አልነገርኳትም።

ሰኞ ጧት በሩ ሥር ቁጭ ብላ ድንች ስትልጥ "እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አልኩ።

"ተናገሪያ፣ ማን አፍሽን ያዘው?"

ይኼኔ ከእግራችን ሥር ከባድ መኪና የሚያልፍ የመሰለ ድምፅ መጣ። በእኛ አካባቢ መኪና የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱ ያለው በእግር ሦስት ሰዓት ርቆ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጣሳዎች ተንቃጨሉ። እናቴ ቢላዋዋን ጣል አድርጋ ዱላ አነሳች።

"ይቺ የጅብ ራት ዛሬስ አለቀላት!"

ተከትያት ወጣሁ። ላሚቱ ግን እታች፣ እህሉ ከተነሣበት ማሳ መሃል ቆማ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ እኛን ታየናለች። ቤቱ እዚህ እየተነቃነቀ ነው። እናቴ ዱላዋን እንደ ሰቀለች አንዴ ላሚቱን፣ አንዴ ቤቱን አየች። ከዚያ ዱላውን ወረወረችና ሮጠች፤ ወደ ውስጥ!

"እማ! ወዴት ነው? ውጪ እንጂ!"

"ጎታው! ጎታው!"

ጎታችን ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ጭቃ፣ ጭድና እበት ለውሳ በእጇ የሠራችው ነው፤ በሦስት ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ የዓመት ገብሳችን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነው። ስደርስ እናቴ እንደ ሰው አቅፋዋለች። በወዲያኛው በኩል ዞሬ እኔም አቀፍኩት። ወፍራም ስለነበር እጆቻችን አልተገናኙም። ጉንጬን ቀዝቃዛው ጭቃ ላይ ለጥፌ ገብሱ ውስጥ ለውስጥ ሲንሿሿ እሰማለሁ። ለምን ያን ሰዓት እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቷ ስለማይታየኝ ይሆናል።

"ሐሙስ ልሄድ ነው! ትምህርቱን ትቻለሁ፣ ዐረብ አገር ልሄድ ነው!"

"ያዢው አልኩሽ!"

"እማ፣ ሰማሽኝ?"

"አንቺ ልጅ፣ ደህና አድርገሽ ያዢው! በኋላ ትሄጃለሽ!"

አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሚያስደግም ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጡ ቆመ። እኛ ግን ከቆመም በኋላ አልለቀቅነውም። ያስለቀቁን ጎረቤታችን የኔታ ናቸው፤ ጋቢያቸው ግማሹ መሬት እየተጎተተ በር ላይ ደረሱ።

"ደህና ናችሁ?"

"ላሚቱ መስላኝ ዱላ አንሥቼ ነበር፣ የኔታ።"

"እኔም በቅሎዋን ረገምኳት። ምን አደረገች! አሁን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ነው።"

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮናቸውን ይዘው መጡ። የመሬት መንቀጥቀጡ ከምድር ሥር በጣም ርቆ የተነሣ ስለሆነ ጉዳት አላደረሰም አለ በሬዲዮው የሚያወራው ሰውዬ። እናቴ ሬዲዮኑን ገላመጠችው። "እሱ የእኔን ጎታ መጥቶ አይቷል?"

ጎታው ከሆዱ እስከ አንገቱ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ ክር ያክላል፤ ገብሱ ግን በዚያው ፍሬ በፍሬ ይንጠባጠባል። እህሉ ወጥቶ ከውስጥ መመረግ አለበት። ከውስጥ መርጎ፣ ሲደርቅ እንደገና መርጎ፣ ያም ሲደርቅ ነው እህሉ የሚመለሰው። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ጠባብ አፍ ገብቼ የምመርገው እኔ ነኝ።

ገብሱን ስናወጣ እናቴ ለሁለት ከፈለችው።

"ይኼ ዘር ነው። ይኼ ያንቺ ስንቅ ነው፣ እስከ ሰኔ ያደርሳል።"

"ያንቺስ?"

"ድንች የለም እንዴ?"

ከቅዳሜ ጀምሮ የገብስ ዳቦ የምታቀርበው ለእኔ ብቻ ነበር። "እኔ በልቻለሁ" ትላለች። በር ሥር ያለውን የድንች ልጣጭ አየሁት። ጎታው ውስጥ ገባሁ።

ጎታ ውስጥ ጨለማ ነው፤ የአሮጌ ገብስና የጭቃ ሽታ አለው። ያ ሽታ ዛሬ የት እንደሚገኝ ባውቅ በእግሬ እሄድ ነበር። እሷ በአፉ በኩል ጭቃ ታቀብለኛለች፣ እኔ እለጥፋለሁ።

"አለስልሺው! እንደ ፊትሽ አታድርጊው!"

"ፊቴ ምን ሆነ?"

"ሻካራ ነው፤ ከመጣሽ ጀምሮ።"

ስወጣ ፀጉሬ ላይ ያለውን ጭቃ እየለቀመች፣ ያንን እንዳልሰማች ሆና ያለፈችውን ወሬ አነሣችው። "ሁለተኛውን ምርጊት ጨርሺልኝ፣ እህሉን መልሺልኝ፣ ከዚያ የፈለግሽበት ሂጂ። ሌላ የሚገባልኝ ሰው የለኝም።"

እሺ አልኩ። ሐሙስ ገና ነው።

ማክሰኞ አልደረቀም። የጉና ብርድ ነው አልኩ። ረቡዕም ስነካው ጣቴ ሰጠመ። ሐሙስ ሲነጋጋ ነቃሁ። እናቴ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በጎታው አፍ ከትታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ታሸዋለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ክንዷን አላወጣችም። "እያለሰለስኩት ነዋ።"

"ለማድረቅ ነው ለማራስ?"

"አንቺ ስለ ጭቃ ምን ታውቂያለሽ?"

መሄድ እችል ነበር። ወዲያው ብነሣ መኪናው ላይ እደርሳለሁ፤ ጓደኛዬም ትጠብቀኛለች። ተናድጄ ነበር፣ እውነቴን ነው። ደስም ብሎኝ ነበር። ጋቢውን ፊቴ ላይ ሳብኩና ተመልሼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ደረቀ። ሁለተኛውን መረግኩ፣ እሱስ በሁለት ቀን ደረቀ! ስንቄን ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ተምሬ ዶክተር ሆንኩ የሚል ታሪክ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ የፈተናው ውጤት አልመጣልኝም፣ አሁን ደብረ ታቦር ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የተከራየሁት ክፍል አስፋልት ዳር ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ ብርጭቆዎቼ ይንቃጨላሉ፤ እኔም ሳላስበው "ይቺ የጅብ ራት!" እላለሁ። ላሚቱ ከሞተች ቆይታለች። ያን ቤት አሁን የምናፍቀውን ያህል፣ ያኔ እዚያ ሆኜ ከተማ መሄድን አልናፈቅኩም።

ባለፈው ፋሲካ ስሄድ እናቴ ገብሱን ማዳበሪያ በመጣበት ጆንያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ጎታው ደጅ ተጋድሟል፤ አፉ ተሸርፎ ዶሮዎች ይጥሉበታል። እንቁላል ልወስድ እስከ ወገቤ ገብቼ ክንዴን ስሰድ ከታች በኩል፣ የእሷ እጅ ከማይደርስበት ቦታ፣ የራሴን የጣቶቼን ፈለግ ዳበስኩ።

እናቴ በር ሥር ድንች ትልጣለች።

"እማ፣ ያኔ ጎታውን በእርጥብ ጨርቅ የምታሺው ሆን ብለሽ ነበር፣ አይደል?"

"የምን ጨርቅ?"

"ሐሙስ ጧት። አይቼሻለሁ እኮ።"

ቀና አላለችም። የላጠችውን ድንች ውኃው ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሣች።

"እኔ እንጃ። ላሚቱ ልሳው ይሆናል።"